ዕድገት ማለት ምን ማለት ነው?
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድገት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ገንዘብን ነው። እስቲ የቦትስዋናን ነገር ላንሳላችሁ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ነፃ ስትወጣ እጅግ ድኻ ነበረች፤ በዓመቱ አልማዝ ተገኘና እያደር በለጸገች። ዳሩ ግን ኤድስ ገብቶ ወጣቱን ፈጀው፤ ካዝናው ሞልቶ ሳለ የሰው ዕድሜ አጠረ። በ2002 መንግሥቷ የዕድሜ ማራዘሚያውን መድኃኒት በነፃ ማደል ሲጀምር ነው ሕዝቡ ቀና ያለው። ገንዘቡ ዕድገት የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። የኛም ዕድር ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም ሞልቶለታል። የምንደርሰው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከወር መዋጮአችን ጥቂት ቀንሰን ለታመመ አባል መታከሚያ፣ ለሙት ልጆችም የደብተር መግዣ ብንመድብ ምን ይመስላችኋል? ዛሬ ድምፅ ስትሰጡ ይህን አስቡበት።