ስለ ትምህርት ዘርፍ ምርጫ



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ስለ ሕንፃው ብዙ ተነግሯል። በሕንፃው ጥላ ሥር ስለሚያድጉት ልጆች ደግሞ ጥቂት ሊነገር ይገባል፤ ይልቁንም 10ኛን ክፍል ፈጽመው የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን ለመምረጥ ስለ ተቃረቡት። ምርጫው በ11ኛ ክፍል ደጃፍ በአንድ ቀን ይጻፋል፤ ዳሩ ግን ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሊሆን የሚያስበውን ከሕግና ከታሪክ ተማሪ የሚለየው መንገድ ከዚያው ይጀምራል።

በብዙ ቤት የሚደረገው እንዲህ ነው። አባት ስለ ጎረቤት ክብር «ልጄ ሐኪም ይሆናል» ይላል፤ ልጅየውም የፊዚክስ ነጥቡ ዝቅ ማለቱን እያወቀ ዝም ይላል። ሌላው ደግሞ ሒሳብን ሸሽቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይገባል። የዚህኛው ስሕተት ይብሳል፤ የሸሸው ሒሳብ በፈተናው ቀን እዚያም ቆሞ ይጠብቀዋልና፤ እንግሊዝኛውም እንዲሁ።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር የተገለጠው የ12ኛ ክፍል ውጤት ብዙውን ወላጅ አስደንግጧል። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህም 22,936ቱ የተፈጥሮ ሳይንስ፥ 6,973ቱ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ሲሆኑ፥ የተፈታኙ ቍጥር ግን በማኅበራዊው በኩል ይበዛ ነበር። ይህ የሆነው ትምህርቱ ከብዶ አይመስልም፤ መጠጊያ ተደርጎ ተቈጥሮ ያልተዘጋጀው ሁሉ ስለሚጐርፍበት ነው እንጂ።

የቀደሙት ሊቃውንት በዚህ ነገር ብልሆች ነበሩ። ንባብ ያልጸናለትን ወደ ዜማ፥ ግእዝን በቅኔ ያልፈታውን ወደ ትርጓሜ መጻሕፍት አይሰዱትም ነበር። ድምፁ የሰመረለት ለድጓ ወደ ቤተልሔም፥ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ ይሄዳል፤ ምሥጢር የሚወደውም በዋሸራ ቅኔ ቈጥሮ ወደ መጽሐፍ ቤት ያልፋል። በመምህራኑ መካከል ፉክክር አልጠፋም፤ ነገር ግን አንዱ ጉባኤ ከሌላው ለተረፈ ተማሪ መጣያ አልነበረም።

ከአያት ወደ ከተማ ሲወረድ በምትገኘው በኮተቤ፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፈተ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው ግን በ1943 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ጭንቁ ትምህርት ቤት ማግኘት ነበር፤ ዛሬ ግን ከተገኘው ውስጥ የሚስማማውን መለየት ሆኗል።

እንግዲህ ወላጅ ከምዝገባው አስቀድሞ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ካርዱን ይዞ የሒሳቡን፥ የፊዚክሱን፥ የታሪኩን መምህር በየተራ ይጠይቅ። ነጥቡ በድካም ወይም በመኮረጅ መገኘቱን ከካርዱ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። ልጅየውም በአባቱ ፊት ሳይሆን ለብቻው ይጠየቅ። ሰንበት ትምህርት ቤቱም በክረምት ዕረፍት የሚመለሱትን የሰበካውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰብስቦ ለታናናሾቻቸው ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስጠኑ፥ አዳራሹ ይበቃቸዋል።