ደወሉና ዘበኛው
በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከተደረገ ንግግር



ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቴ የተከልሁት የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ጮኸ። በመጀመሪያው ጎረቤቱ ሁሉ ዱላ ይዞ ደረሰልን፤ በሦስተኛው ግን ዘበኛችን እንኳ ከጋቢያቸው ብቅ አላሉም። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

የጠራሁት ባለሙያ የመሣሪያውን ንቃት ዝቅ እንዳደርግ መከረኝ። መሣሪያው የሚከታተለው የሙቀት ጨረር ለውጥን ነውና፣ ለድመት ወይም በመስኮት ለሚገባ የፀሐይ ጮራ ይበጅ ይሆናል። ነገር ግን ሦስቱም ጩኸት የተሰማው መብራት በጠፋ ጊዜ ነበር። ባለ 12 ቮልቱን መጠባበቂያ ባትሪ ብለካው፣ ጭነት ሲሸከም ከ9 ቮልት በታች ወረደ። ኃይል ያነሰው ሪሌይ ይለቃል፤ መቆጣጠሪያውም ይህን ሌባ እንደ ገባ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ባትሪውን ለውጬ መብራቱን ከቆጣሪው ሆን ብዬ ባጠፋ ደወሉ ዝም አለ። ዘበኛችን እንደገና እንዲያምኑት ለማድረግ ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ።