የሱቅ ሰው ብሶትና የራሳችን ጥፋት

(ባለፈው እሑድ በተደረገው ወርኃዊ ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰሙት ንግግር ነው። በሥራ ምክንያት ላልተገኙ አባላትና ነዋሪዎች ሲባል በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)




ከሁሉ አስቀድሜ ሱቃችሁን ዘግታችሁ በመምጣታችሁ በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ። ጊዜው የወሩ መጀመሪያ፣ ጡረታና የልጆች ድጎማ የሚከፈልበት ሳምንት ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን መዝጋት በሌላው ሳምንት ሦስት ቀን እንደመዝጋት መሆኑን የሱቅ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ጊዜያችሁን በከንቱ አላጠፋም።

እንደምታውቁት እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነኝ። ጸሐፊ ያደረጋችሁኝ ጽሑፉ ይነበባል ብላችሁ እንጂ አዋቂ ነው ብላችሁ አይደለም። የምናገረውም ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ሳይሆን መጀመሪያ ጄፒ በሰው ሱቅ ተቀጥሬ፣ በኋላም ሎኬሽን ውስጥ የራሴን ስፓዛ ከፍቼ፣ ከባንኮኒ ጀርባ ያየሁትን ነው። ዋናው ጉዳዬ ከመጨረሻው ነው ያለው። ነገር ግን ብሶቱን ሳልቆጥር ብገባበት «ይኼ ሰውዬ ሱቅ የለውም እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ስለዚህ ከብሶቱ ልጀምር።

የመጀመሪያው መብራት ነው። 2023ን የረሳ ሰው እዚህ የለም። ደረጃ አራት፣ ደረጃ ስድስት እየተባለ፣ አንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዴ አራት ሰዓት፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋ ነበር። መብራት ሲሄድ ደግሞ የሚጠፋው አምፖል ብቻ አይደለም። ፍሪጁ ይቆማል፤ የካርድ ማሽኑ ይቆማል፤ የስልኩ ኔትዎርክ ይደክማል፤ የመብራት ቶክን መሸጥም ይቀራል። ጄኔሬተር ያለው ሰው ትርፉን ለቤንዚን ይገብራል። እኔ አንድ ቀን ጧት ፍሪዘሩን ስከፍት ሦስት ካርቶን የዶሮ እግር ቀልጦ ሽታው ተቀበለኝ። በግማሽ ዋጋ ልሽጠው፣ ጠብሰው ይበሉታል የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ አልዋሽም። ኋላ ግን ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኩት። ከ2024 ማርች መጨረሻ ጀምሮ ተራው ለአሥር ወር ያህል ቆመ፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ብቅ ብሎ ነበር። ተራ በሌለበት ቀንም ቢሆን የሠፈሩ ሽቦ ተቆርጦ ይሰረቃል፤ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ያን ጊዜ መቼ እንደሚመጣ እንኳ የሚነግርህ የለም።

ሁለተኛው ታክስ ነው። «የውጭ አገር ሰው ታክስ አይከፍልም» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እስቲ ነገሩን እንየው። ከ2018 ኤፕሪል ወዲህ በዚህ አገር የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። የበቆሎ ዱቄት፣ ቡናማ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ዕንቁላልና ወተት አይነካቸውም። ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ለስላሳና ብስኩት ግን አለባቸው። እኛ ከሆልሴል ስንገዛ 15ቱን በመቶ እዚያው ከፍለን ነው የምንወጣው። ትልቁ ሱቅ ለታክሱ የተመዘገበ ስለሆነ የከፈለውን ያወራርዳል። ያልተመዘገብነው ትንንሾቹ ግን ከፍለን ቀረን ማለት ነው። ታዲያ ለምን አይከፍሉም እንባላለን? ደረሰኙን ስለምንጥለው ነው። የከፈለ ሰው መክፈሉን የሚያሳየው በደረሰኝ ነውና።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። ይኼኛው ሌሎቹን ሁሉ ይጎትታል። የአሳይለም ወረቀትህ ቀኑ ባለፈ ማግስት ባንኩ ሒሳብህን ያግደዋል። ሒሳቡ ከታገደ ሆልሴሉን በጥሬ ገንዘብ ትከፍላለህ። በጥሬ ገንዘብ ለመክፈል ብሩን ሱቅ ውስጥ ታሳድራለህ። ሌባው ደግሞ ይኼንን ያውቃል፤ ከባንኩም ይልቅ ያውቃል። በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ወረቀቴ አልቆ በኢንተርኔት ለማሳደስ ጥያቄ ልኬ መልስ ስጠብቅ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሽጉጥ ይዘው ገቡ። ለዕቃ ያስቀመጥኩትን 11,000 ራንድና ስልኬን ወሰዱ። ከኔ ጋር የሚሠራውን የእኅቴን ልጅ በሽጉጡ ሰደፍ ጭንቅላቱን መቱት፤ ስምንት ቦታ ተሰፋ። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። እስከ ዛሬ ድረስ ግን በሩ በኃይል ሲከፈት ይደነግጣል።

አራተኛውን ብዙ አላወራውም። 2008ን፣ 2015ን፣ 2019ን፣ የ2021ን የጁላይ ዝርፊያ ከኔ ይልቅ የምታውቁ እዚህ ተቀምጣችኋል። በ2008 ብቻ ከስድሳ በላይ ሰው አልቋል፤ ከነሱም ውስጥ የአገሩ ተወላጆች ነበሩበት። ሱቃቸው ሁለት ጊዜ ተዘርፎ ሦስተኛ የከፈቱ አባሎች አሉን። ለነሱ ከኔ ወገን የሚነገር ምክር የለም፤ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በ2024 ኦክቶበር ሶዌቶ ውስጥ ናሌዲ በሚባለው ሠፈር ስድስት ሕፃናት ሞቱ። ምርመራው ሲወጣ የገደላቸው ተርቡፎስ የሚባል የእርሻ ተባይ መርዝ ሆኖ ተገኘ። ለቤት አገልግሎት የተፈቀደ ነገር አይደለም። ግን ቆሻሻው በየጊዜው በማይነሳበት ሠፈር አይጥ ይበዛል፤ አይጥ ሲበዛ ሰው መርዝ ይፈልጋል፤ መርዙም በትንሽ በትንሹ ላስቲክ ተቋጥሮ በየመንገዱ ይሸጣል። ኖቬምበር 15 ቀን ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ በቴሌቪዥን ቀርበው ቢያንስ 22 ሕፃናት በዚህ ዓይነት ሁኔታ መሞታቸውን ተናገሩ። ስፓዛዎች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡም አዘዙ። ቀኑ በኋላ እስከ 2025 ፌብሩዋሪ 28 ተራዝሟል። እንዲህ ያለው ዕቃ በአገሬው ሰው ሱቅም እንደሚሸጥ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ተናግረዋል። ይሁን እንጂ በዚያን ሰሞን ሎኬሽን ውስጥ ያንን የሚሰማ ጆሮ አልነበረም። ወጣቶች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ያዘጉ ነበር። የኔም ለዘጠኝ ቀን ተዘጋ።

አከራዬ አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም ጎጎ ነው የምንላቸው። በኔ ኪራይና በጡረታቸው አራት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። ወጣቶቹ በመጡ ዕለት በሩ ላይ ቆመው መለሷቸው። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው፦ «ልጄ፣ አንተ ይኼንን መርዝ ትሸጣለህ?» አሉኝ። «አልሸጥም ጎጎ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ሸጬ አላውቅም። ነገር ግን አንዱ ቋጠሮ እዚያው ሱቄ ውስጥ ነበር። ለራሴ አይጥ ብዬ በአሥር ራንድ ከመንገድ ገዝቼ፣ ከስኳሩ ከረጢት ጀርባ፣ ከብስኩቱ ካርቶን ሥር አስቀምጬዋለሁ። ዱቄቱንም በእጄ በትኜ፣ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ፣ በዚያው እጄ ለልጆች ከረሜላ ቆጥሬ ሰጥቻለሁ። የጎጎ የመጨረሻው የልጅ ልጅ ሁልጊዜ ጧት ሁለት ራንድ ይዞ መጥቶ ከዚያው ካርቶን ነው ብስኩት የሚገዛው።

ወገኖቼ፤ ያን ሌሊት አልተኛሁም። ያ ልጅ ዛሬ ደኅና ነው፤ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ግን ደኅና የሆነው እኔ ስለተጠነቀቅሁ አይደለም። የእግዚአብሔር ቸርነት ነው እንጂ ምንም አልተጠነቀቅሁም። ይህን በሕዝብ ፊት መናገር አሳፋሪ ነው። ባልናገረው ግን እንዲሁ ያስቀመጠ ሌላ ሰው ከመካከላችን ይኖራልና ዝም ማለት ኃጢአት መሰለኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደተባለው፣ ስለ መብራትና ስለ ሌባ ስናማርር የራሳችንን መደርደሪያ ሳናይ እንዳንቀር።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው፦ «አንተ ብትተወው በየመንገዱ እየተሸጠ አይደለም ወይ? ደግሞስ ብንመዘገብስ ሊያባርሩን አይደል?» አለኝ። ለሁለቱም መልስ አለኝ። መንገድ ላይ የሚሸጠው የሸጠው ሰው ዕዳ ነው፤ ከኔ መደርደሪያ የወጣው ግን የኔ ዕዳ ነው። ስለ ምዝገባው ደግሞ ይኼንን አስታውሱ። በ2012 በሊምፖፖ ፖሊሶች ከ600 የማያንሱ ትንንሽ ሱቆችን ዘግተው ነበር። የሶማሌዎችና የኢትዮጵያውያን ማኅበራት አብረው ከሰሱ። በ2014 ሴፕቴምበር በብሉምፎንቴይን ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ስደተኛም ሆነ አሳይለም የጠየቀ ሰው ሠርቶ እንዳይበላ መከልከል እንደማይቻል ፈረደ። ይህን ፍርድ ያገኘነው በመደበቅ ሳይሆን ፊት ለፊት በመቆም ነው። ግን ፍርዱ የሚያግዘው ደንቡን የጠበቀውን ሰው ነው። መርዝና ቀኑ ያለፈበት ወተት ለተገኘበት ሰው ማንም ዳኛ አይቆምለትም።

ስለዚህ የሚከተሉትን አሳቦች ለውሳኔ አቀርባለሁ።

1ኛ/ በማንኛውም አባል ሱቅ የመንገድ መርዝ እንዳይገኝ። ያለው ሰው በባዶ እጁ አይንካው፤ ወደ ፍሳሽም አይድፋው፤ በላስቲክ ደራርቦ አስሮ ለጤና ተቆጣጣሪዎች ያስረክብ። ለአይጥ ወጥመድ አለ። ዱቄቱንና ስኳሩን ክዳን ባለው በርሜል፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥም ይቻላል። ልጅ ምራቁ ሲዝረከረክ፣ ሲያስመልሰው፣ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ ሳትጠብቁ ወደ ክሊኒክ አድርሱ።

2ኛ/ እያንዳንዱ ሱቅ አንድ ፋይል ይኑረው። የምዝገባው ወረቀት፣ የጤና ምስክር ወረቀት፣ የኪራይ ውልና የሆልሴል ደረሰኝ በዚያ ውስጥ ይቀመጥ። ቅጽ መሙላት የሚቸግረው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ ይምጣ፤ እሞላለታለሁ።

3ኛ/ የሁላችሁም ወረቀት የሚያልቅበትን ቀን በአንድ መዝገብ እጽፋለሁ። ቀኑ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ስልክ እደውላለሁ። እኔ በሦስት ሳምንት መዘግየት የከፈልኩትን ሌላ ሰው እንዳይከፍለው ነው።

4ኛ/ ሒሳቡ ታግዶ ዕቃ ለማምጣት ለሚቸገር አባል የሚሆን የብድር ሣጥን ይቋቋም። በወር ከአባል 50 ራንድ ቢዋጣ የሚከብድ አይመስለኝም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

5ኛ/ ጎረቤቶቻችን የሠፈር ስብሰባ ሲጠሩ እንሂድ፤ ለቅሶ ሲኖርባቸውም እንድረስ። ሰው ስሙን የሚያውቀውን ባለሱቅ ለመዝረፍ ሁለት ጊዜ ያስባል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር። ዘጠኙ ቀን አልፎ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ለጎጎ እውነቱን ነገርኳቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ መደርደሪያውን ሁሉ እሳቸው እያዩ አወረድነው፤ አጠብነው፤ የተጠራጠርነውን ምግብ ሁሉ አስወገድን። ስንጨርስ፦ «እንግዲህ ልጁን እልክልሃለሁ» አሉኝ። ያ ልጅ በማግስቱ ሁለት ራንዱን ይዞ ሲመጣ እጄን ሁለት ጊዜ ታጥቤ ነው የሰጠሁት። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።



(ከንግግሩ በኋላ ውይይት ተደርጎ አምስቱም አሳቦች በሙሉ ድምፅ ጸድቀዋል። የወረቀት ማብቂያ ቀናችሁን ያላስመዘገባችሁ አባላት እስከሚቀጥለው እሑድ ድረስ ለጸሐፊው እንድታስታውቁ በትሕትና እናሳስባለን።)