ሁለተኛውን ዓመት ማን ይከፍላል?

(ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች የተደረገ ንግግር)

«ልጄን አሜሪካ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት» ብሎ ድግስ የሚደግስ አለ። ደስታውን አልቀማውም። ግን የመቀበያ ደብዳቤ እኮ ደረሰኝ አይደለም! ለተማሪ ቪዛ ቢያንስ የአንድ ዓመት ወጪ አሳዩ ትባላላችሁ። ትምህርቱ ግን አራት ዓመት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። 10 ሺህ ዶላር ለመክፈል 570 ሺህ ብር ያዘጋጀ ወላጅ ከሚሊዮን በላይ ተጠየቀ። ለመሆኑ ልጁን ባሕር ማዶ የላከውን ማን አማከረው?

«ሠርታ ትማራለች» እንዳትሉኝ። በመጀመሪያው ዓመት ከግቢ ውጭ መሥራት አይፈቀድም። ግቢ ውስጥም ቢሆን ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም።

አገር ቤትስ? እሱም ቀልድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ታዲያ ልጃችሁ በዚህ ወንፊት ካለፈች፣ የተመደበችበትን ቦታ ለአንድ ደብዳቤ ብላ አትጣለው። ስኮላርሺፕ አገኘች? እሰየው! ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ምግብና መኝታ ይጨምር እንደሆነ ግን ድግሱ ሳይደገስ አስነብቧት።