በራሱ ስለሚጫወት ፒያኖ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሙዚቃ ክበብ አባሎች የቀረበ ንግግር)



እኛ የሙዚቃ ክበብ አባሎች ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው አንድ ክርክር አላስተኛን ስላለ ነው። በክበባችን ያለው ኪቦርድ አንዲት ቁልፍ ሲነኳት ማንም ሳይጫወትበት ዜማ ያሰማል። አንድ ቀን፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ (በመቱ ዝናብ ሲበረታ ይህ አዲስ ነገር አይደለም)፣ ከፊሎቻችን «ማሽን ነው፣ ነፍስ የለውም» ስንል፣ ከፊሎቻችን ደግሞ «ታዲያ ዜማው የማን እጅ ነው?» ስንል ዋልን። ነገሩን ብንመረምር ከእኛ ኪቦርድ እጅግ የቀደመ ሆኖ አገኘነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1904 በጀርመን አገር፣ በፍራይቡርግ ከተማ የነበረው የቬልተ ፋብሪካ ቬልተ ሚኞን የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ይኸውም የፒያኖ ተጫዋቾችን አጨዋወት በጥቅል ወረቀት ላይ በቀዳዳ ከመዘገበ በኋላ፣ ያንኑ በእውነተኛ ፒያኖ ላይ መልሶ የሚያሰማ ነው። ወረቀቱ ቀዳዳ ባለው የናስ ዘንግ ላይ ሲያልፍ አየር ይገባል፤ በውስጥ ያለው ትንሽ ወናፍ ይጨመታል፤ በዚህም መዶሻው ተነሥቶ ክሩን ይመታል። ብረት ቀጥቃጭ ሲሠራ ያየ ሰው ወናፍ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቀንም። ልዩነቱ፣ የቀጥቃጩ ወናፍ አየር ሲተፋ፣ የፒያኖው ግን አየር የሚሳብበት መሆኑ ነው። ግሪግ፣ ሴን ሳንስና ደቡሲ ለዚህ መሣሪያ ተጫውተዋል።

ዳሩ ግን ጉድለት ነበረው። ቁልፎቹ ለሁለት ተከፍለው ለግራው አንድ፣ ለቀኙም አንድ የአየር ጉልበት ብቻ ስለነበር፣ ተጫዋቹ በአንድ ወገን አብረው ከሚመቱ ድምፆች አንዱን አጉልቶ ቢመታ መሣሪያው ሁሉንም እኩል ያሰማል። ይህን ለመሸፈን ወረቀት አራሚዎች የዜማውን ቀዳዳ በቅንጣት ቀደም ያደርጉት የነበረበት ጊዜ አለ። ወረቀቱ የሚሮጥበት ፍጥነት በትክክል ካልተስተካከለም ሟቹ ተጫዋች ባልቸኮለበት ይቸኩላል። ሬዲዮና በኤሌክትሪክ የተቀዳ ሸክላ ሲስፋፉ ገበያው ጠፋ።

በ1980ዎቹ ያማሃ ዲስክላቪየር የተባለውን ፒያኖ አወጣ። በዚህኛው ወረቀትም ወናፍም የለም። በብርሃን የሚሠራ መለኪያ የጣቱን ፍጥነት ያነባል፤ መልሶ ሲጫወትም ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ የኤሌክትሪክ ማግኔት አለው። በ1983 የወጣው ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ የአንዷን ምት ብርታት ከ1 እስከ 127 ባሉ ደረጃዎች ይመዘግባል። እንግዲህ በልክ አዲሱ ይበልጣል፤ ይህን ሳናመነታ እንፈርዳለን። ነገር ግን በ1918 የሞተውን የደቡሲን እጅ የያዘው አሮጌው ወረቀት ነው። ደግነቱ፣ በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉትን ጥቅሎች ፎቶግራፍ እያነሣ ወደ ሚዲ ስለሚለውጥ፣ ሁለቱ ጠላቶች ሳይሆኑ አባትና ልጅ ሆነዋል።

ከጎሬ እስከ በደሌ ብንዞር የቬልተ ፒያኖ እናገኛለን ብለን አናስብም። ቢሆንም ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉ የፒያኖ ሊቅ ናቸው። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታተመ። አጨዋወታቸውን የሰማ ሰው ጊዜው እንደ ሰዓት እኩል እንደማይሄድ ያውቃል፤ እጃቸው አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ይፈጥናል። ኖታ የትኛውን ቁልፍ እንደነኩ ይነግረናል እንጂ ያችን መዘግየት አይነግረንም። ሸክላው መዘግየቷን ያሰማናል፤ ሆኖም የጣቱን ክብደት ከሸክላው ጩኸት ለይቶ ማውጣት አድካሚ ነው። ክርክራችንን ያበረደው ይህ ነው፤ የኪቦርዳችን ዜማ የማንም እጅ ይሁን፣ የምናውቀውን እጅ ግን ማስቀመጥ እንችላለን አልን።

ኪቦርዳችን ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝበት ሶኬት ከጀርባው አለው። በእርሱ አማካይነት የሙዚቃ መምህራችን በትዝታ ቅኝት ሲጫወቱ መዘገብናቸው። መልሰን ስናሰማቸው አንገታቸውን ነቅንቀው «እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ፣ አጥፉልኝ» አሉን። እኛ ግን አላጠፋነውም፤ ከንግግራችን በኋላ እናሰማችኋለን።