ከሩቅ የሚሰማ ችሎትና የአካል ጉዳተኞች የቤት ክርክር፤ በናይሮቢ እንደ ታየው



ዛሬ የምናገረው ስለ ጎረቤታችን ስለ ኬንያ ዋና ከተማ ስለ ናይሮቢ ነው። በእኛም አገር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየክልሉ ያሉትን ባለጉዳዮች በፕላዝማ ችሎት ሲያከራክር ስለ ቆየ፥ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በናይሮቢ ምሥራቃዊ ክፍል ካሎሌኒ፥ ጄሪኮና ሻውሪ ሞዮ በሚባሉት ሰፈሮች የከተማው አስተዳደር የሚያከራያቸው አሮጌ ቤቶች አሉ። በፓንጋኒ የነበሩት ፈርሰው በስፍራቸው ፎቅ ተሠርቷል። ቤት ሊፈርስ፥ ኪራይ ሊጨመር ወይም ተከራይ ልቀቅ ሊባል ሲታሰብ ነዋሪው ቃሉን የሚሰጥበት ጉባኤ ወይም ችሎት አለ። በዚያ ቀን ያልተሰማ ሰው ቤቱን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት ወር 2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የኬንያ ፍርድ ቤቶች የአዳራሽ ሥራቸውን ቀንሰው ክርክሩን በኢንተርኔት መስማት ጀመሩ፤ ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ አሠራሩ አልቀረም። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ማታቱ በሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ወንበሩን እንዲጭኑለት ሰው መለመን፥ የፍርድ ቤቱንም ደረጃ በሸክም መውጣት ቀርቶለታል።

ለእርሱ የቀለለው ግን ለሌላው ከበደ። ዐይነ ስውር ለሆነ ተከራይ ኮምፒውተሩ ጽሑፉን በድምፅ ያነብለታል፤ የኪራዩ ውል ወይም የማስለቀቂያው ማስታወቂያ በፎቶግራፍ ተነሥቶ የተላከለት እንደ ሆነ ግን መሣሪያው ብዙ ጊዜ ሥዕል መሆኑን ብቻ ይነግረዋል። መስማት ለተሳነው ደግሞ በስክሪኑ ግርጌ የሚሮጠው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁልጊዜ አይበቃውም፤ የኬንያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ እንጂ የእንግሊዝኛ ግልባጭ አይደለምና። ተናጋሪው በተለወጠ ቁጥር የአስተርጓሚዋ ምስል ከስክሪኑ የሚጠፋ ከሆነ ክርክሩ ተቋረጠበት ማለት ነው። አንድ አስተርጓሚ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ ስለሚደክም፥ ረጅም ክርክር ሁለት ተፈራራቂዎች ያስፈልጉታል። አንደበቱ የሚከብደው ሰውም አለ፤ መልሱን ሳይጨርስ መስመሩ የተበላሸ መስሏቸው ድምፁን ቢዘጉበት፥ እርሱ ቃሉን እየሰጠ ሳለ መዝገቡ «መልስ አልሰጠም» ብሎ ይጽፍበታል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ሕግ ስለ ጎደለ አይደለም። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በ43ኛው አንቀጽ ተደራሽና በቂ መኖሪያ ቤት የማግኘትን መብት ለሁሉ ይሰጣል። በ54ኛው አንቀጽ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው በምልክት ቋንቋ፥ በብሬይል ወይም በሌላ ተስማሚ መንገድ እንዲጠቀም ፈቅዷል። በ120ኛውም የምልክት ቋንቋ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር የፓርላማው ቋንቋ ሆኗል።

ችግሩ የሚገኘው ከቀጠሮው ቀን በፊት በሚሠራው የጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ ነው። ባለጉዳዩ ምን እንደሚያስፈልገው በመጥሪያው ላይ ይጠየቅ፤ ወረቀቱ በፎቶግራፍ ሳይሆን በሚነበብ ጽሑፍ ይላክለት፤ ኢንተርኔት የሌለው በተራ ስልክ ደውሎ የሚገባበት ቁጥር ይሰጠው፤ መስመሩም በዋዜማው ይሞከር። በአካል እቀርባለሁ የሚለውን ማንም አይከልክለው። ከአከራዩ ጋር እየተከራከረ የአከራዩን ስልክ ተውሶ ለመቅረብ የሚገደድ ተከራይ አይጠፋምና።

የአስተርጓሚውን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ተከራዩ ይክፈል ከተባለ ድኻው ያለ አስተርጓሚ ይቀርባል፤ ስለዚህ ወጪው እንደ ወረቀቱና እንደ ቀለሙ በችሎቱ በጀት ውስጥ መግባት ይገባዋል። አስተርጓሚ ባለመገኘቱ ቀጠሮው የተላለፈ እንደ ሆነም፥ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ ተከራዩ ከቤቱ እንዳይወጣ በዚያው ዕለት የጽሑፍ ትእዛዝ ይሰጥ።