የላሊበላ በሮችና የቁልፍ ምርጫ

አንደኛው፦ በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል፣ 7 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሆኖ ሳለ ባሕር ተሻግሮ በቤልጂየማዊ የቅርስ ሰብሳቢ እጅ መግባቱና ከዓመታት በኋላ መመለሱ፣ የመዝጊያ ጉዳይ ቀላል አለመሆኑን ያሳያል።

ሁለተኛዋ፦ ታዲያ ከባድ ጓጉንቸር፣ ማለትም ተንጠልጣይ ቁልፍ፣ አይበቃም?

አንደኛው፦ አይበቃም፤ ቁልፉ የሚንጠለጠልበት ቀለበት ብሎኑ በውጭ ከታየ፣ ሌባው ጓጉንቸሩን ሳይነካ ብሎኑን ይፈታል።

ሁለተኛዋ፦ ለግቢ በር እውነት ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ግን መወርወሪያ፣ ማለትም ከመዝጊያው ጀርባ የሚገፋ ዘንግ፣ ይሻላል፤ ርካሽም ነው።

አንደኛው፦ ሰው ውስጥ እስካለ ድረስ!

ሁለተኛዋ፦ ቁምሳጥንስ?

አንደኛው፦ ቀጭን ጣውላ ከባድ ቁልፍ ቢሸከም ይሰነጠቃልና ትንሹ ይመረጣል፤ ላሊበላ ባለበት በላስታ ክረምት ደግሞ እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ፣ የበሩ መወርወሪያ ማረፊያ ጥቂት ሰፋ ተደርጎ መቦርቦር አለበት።